በእንግሊዝኛ የመጣ ሽምግልና

አቶ ሞገስ የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት የገቡት እንግሊዝኛ ሊማሩ ሳይሆን ልጃቸውን ሊጠብቁ ነው። ጽጌሬዳ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አዋሳ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለያለች። «እንግሊዝኛሽን ካሻሻልሽ መስኮት ላይ እናስቀምጥሻለን» ስለተባለች ከሥራ መልስ መማር ጀመረች። ክፍሉ የሚለቀቀው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ካለበት ከባህል አዳራሽ እስከ ቤታቸው፣ እስከ ታቦር ተራራ ሥር፣ ደግሞ መንገዱ ረጅም፣ ጎረምሳው ብዙ። አባትየው ሁለት ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቆመው ጠበቋት። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው፣ «ጋሼ፣ እዚህ ከሚቆሙ ገብተው ቢቀመጡ አይሻልም?» ቢላቸው ነገሩ እውነት መሰላቸውና ተመዘገቡ።

ዓይናቸው ከሩቅ አላነብ ስላላቸው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እንግዲህ ስህተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሊጠብቅ የገባ ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ከፊት የተቀመጠ የሚጠብቀው ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ደግሞ የትም አይሄድም።

የባሰው ነገር እንግሊዝኛው ጣማቸው። አቶ ሞገስ ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው። ከሞጣ ተነስተው በሥራ ዝውውር ደቡብ ከወረዱ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እየተቀበሉ ቁጥርና ቀን ሲሰጡ ኖረዋል፤ ሥርዓት ይወዳሉ። እናም እያንዳንዱ አዲስ ቃል ከነምሳሌው፣ ቀን ተጽፎበት፣ በቢሮ የእጅ ጽሑፋቸው ደብተራቸው ላይ ይሰፍራል። የራሳቸው ብቻ አይደለም፤ ሌላም ተማሪ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ከሠራ ይገለብጡና የባለቤቱን ስም በኅዳጉ ላይ ያስቀምጣሉ። ሚስታቸው ከስድስት ዓመት በፊት ከሞቱ ወዲህ እንዲህ የጣማቸው ነገር አልነበረም።

መምህሩ አምሳሉ ወጣት ነው፤ ዘዴው አንዲት ናት። ቃል ይጽፋል፣ ትርጉሙን ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም በየተራ እየተነሳ ስለ ራሱ ኑሮ ዓረፍተ ነገር መሥራት አለበት። «ቃል ብቻውን ወጥ የሌለው እንጀራ ነው» ይላል። ዘዴው አንድ ቀን ሊያስበላው ነበር። የዕለቱ ቃል «ሾርቴጅ» ነበር፣ እጥረት ማለት ነው። የኅብረት ሱቅ ሻጯ አስካለ ተነስታ በእንግሊዝኛ፣ «በቀበሌያችን የስኳር እጥረት አለ» አለች። የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ ኩማ ደግሞ እዚያው ክፍል ተማሪ ነው። ብዕሩን አስቀመጠና በጥሩ አማርኛ፣ «የትኛው ቀበሌ ማለትሽ ነው?» አላት።

አምሳሉ ጠመኔውን እንደያዘ ጥቂት አሰበና፣ «ጓድ ኩማ፣ ይሄ እኮ ምሳሌ ነው» አለ። «በምሳሌ ውስጥ ያለ ቀበሌ ሊቀ መንበርም የለው፣ ስኳርም የለው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ሕግ አለ፤ በዓረፍተ ነገር የተባለ ከዓረፍተ ነገር አይወጣም። ማንም ማንንም አይጠይቅበትም።» ኩማ ራሱ ባለፈው ሳምንት «አለቃዬን አልወደውም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሠርቶ ስለነበር ሕጉን የደገፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የሰው አንደበት ተፈታ። በአማርኛ ለነፍስ አባቱ የማይናገረውን በእንግሊዝኛ የሚዘረግፍ በዛ። አንዱ ከአማቱ ጋር ከተኳረፈ ሁለት ዓመቱ መሆኑን ተናገረ፤ ሌላው ለሚስቱ የነገራት ደመወዝ እውነተኛው አለመሆኑን። አቶ ሞገስ ግን ከመዝገብ ቤት አልወጡም። «ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነው» ይላሉ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ደግሞ፣ «ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።»

ከኋላ ወንበር ማቴዎስ ይቀመጣል። የይርጋለም ልጅ ነው፤ ባህል አዳራሽ አጠገብ ልብስ ይሰፋል፤ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ዝምተኛ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ያማሩ ነበሩ። «ኔበር» የሚለው ቃል ሲመጣ፣ ጎረቤት ማለት ነው፣ ተነስቶ፣ «ታቦር ሥር ጎረቤት ቢኖረኝ በየማለዳው ደጁን እጠርግለት ነበር» አለ። አቶ ሞገስ ገለበጡት። «ሪስፔክት» ሲመጣ፣ አክብሮት ማለት ነው፣ «ልጅቱን ከማየቴ በፊት አባቷን አከብራለሁ» አለ። አቶ ሞገስ ይህንንም ገለበጡና ወደ ኋላ ዞረው፣ «ግሩም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ። በዚህ ጊዜ ክፍሉን ሳል በሳል አደረገው። አቶ ሞገስ ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ ሰውን ሁሉ የመታው መሰላቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ነገሩ ገብቶታል። ክፍሉም ገብቶት ነበር። ዘበኛው እንኳ በመስኮት እያዳመጠ ገብቶት ነበር። ያልገባቸው አቶ ሞገስ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ዓረፍተ ነገሩን ሲመዘግቡ ነገሩን የት ይዩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው።

አንድ ማክሰኞ አምሳሉ «ፐርሚሽን» የሚለውን ቃል ጽፎ፣ ፈቃድ ማለት መሆኑን ነግሮ፣ ለሐሙስ ምሳሌ ይዛችሁ ኑ ብሎ ለቀቀ። ሐሙስ ገና ክፍሉ ሳይጀመር ማቴዎስ ወደ ፊት ወንበር መጣ።

«ጋሼ ሞገስ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ?»

«ምን ገዶኝ፣ ተናገር።»

«ፈቃድ የሚለውን ነው። አንድ ሰው ልጅ ለማግባት አባቷን ፈቃድ ይጠይቃል እንበል። ምን ብሎ ቢጠይቅ ያምራል?»

አቶ ሞገስ በዚህ ጉዳይ የሚያህላቸው የለም። በዕድሜያቸው ስንቱን ሸምግለው ድረዋል። «በመጀመሪያ» አሉ፣ «ራሱ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። ሽማግሌ ይልካል።»

«ለምሳሌ ነው እንጂ» አለ ማቴዎስ።

«ለምሳሌ ከሆነ ይሁን። ታዲያ ልጅዎን ይስጡኝ አይባልም፤ ልጅ ዕቃ አይደለም። ልጅዎ ያድርጉኝ ነው የሚባለው። ቆመህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ዓይንህን መሬት ላይ አድርገህ።»

ሁለቱ አንድ ደብተር ላይ አቀርቅረው ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። አቶ ሞገስ ሁለት ቦታ ላይ አረሙለት። ትምህርቱ ሲጀመር ማቴዎስ ከኋላ ወንበሩ ተነሳ፤ እንደተነገረው ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ፊተኛው ወንበር አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ልጅዎ እንዲያደርጉኝ ፈቃድዎን እለምናለሁ» አለ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ሞገስ ለእንግሊዝኛው የፈራ መሰላቸውና ሊያበረታቱት ፈለጉ። ደግሞም ተራው የሳቸው ነበር፤ ቃሉም ያው ነው። ብድግ አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፋይል የሌለበት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።

«ፈቃዱ ተሰጥቷል» አሉ።

አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው። ሁለት ሦስት ሰው አጨበጨበ። ጽጌሬዳ ደብተሯ ላይ ተደፋች። አቶ ሞገስ ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛቸው መሆኑን አልተጠራጠሩም፤ ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ እንደ ጎልማሳ ነበር የሚራመዱት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሙና መጥቷል ተብሎ ኅብረት ሱቅ ተሰለፉ። ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ላይ ሲቆሙ አስካለ ሳሙናውን እየቆረጠች ጠጋ አለችና፣ «እንኳን ደስ ያለዎት አቶ ሞገስ» አለቻቸው።

«በምኑ?»

«ሕጉን አውቃለሁ፣ ከክፍል አይወጣም። ግን እልል ብዬስ እንዴት ዝም ልበል? ማቴዎስ ጨዋ ልጅ ነው። ጴንጤ መሆኑ ነው እንጂ እንከን የለውም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብቻ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመልሱት መስጠትዎ ነው የገረመን። የኔ አባት ሽማግሌዎቹን አራት ጊዜ ነው የመለሳቸው፤ አራት ጊዜ። ልጃቸው አስቸግራቸው ነው ወይ የሚል ሰውም አልጠፋ።»

አቶ ሞገስ ለሳሙናው የዘረጉትን እጅ መለሱ። «ምሳሌ ነበር እኮ» አሉ።

«እሱማ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባል የለ?»

ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሳቀ። አቶ ሞገስ ሳሙናውን እዚያው ትተው ሄዱ።

ቤት ገብተው በሩን ዘጉና ደብተሩን ከፈቱ። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ማቴዎስ የሚል ስም ያለበትን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አነበቡት። ማመልከቻ ነው። ከነአባሪው የተሟላ ማመልከቻ ነው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሲቀመጡ አንዲት ወረቀት ሳትነበብ አልፋቸው አታውቅም። ይህቺ ግን በገዛ እጃቸው ተገልብጣ፣ ቀን ተሰጥቷት፣ በመጨረሻም ተፈቅዷል ተብሎባት በምስክር ፊት አለፈች። ልጁ እንደ ደፈራቸው ሳይሆን እሳቸው እንደ ተኙ ነው የተሰማቸው፤ ይህ ይበልጥ አናደዳቸው። ጾም የማያውቅ ልብስ ሰፊ። ነገ ሱቁ ሄደው ያዋርዱታል። መቀሱን ነጥቀው መንገድ ላይ ይወረውሩታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን እየተንጎራደዱ ብዙ ዛቱ።

ከዚያ ደክሟቸው ተቀመጡና ደብተሩን መልሰው አዩት። አሁን ሌላ ስም ታያቸው። ከማቴዎስ ዓረፍተ ነገር ሥር ሁልጊዜ የጽጌሬዳ አለ። እሷንም ሲገለብጡ ነው የከረሙት፤ ልጃቸው ናት፣ ስትጎብዝ ደስ ይላቸዋል። ስለ ጎረቤት፦ «ጥሩ ጎረቤት ደስ ይለኛል፣ ነገር ግን ቤቴን ለቅቄ አልሄድም።» ስለ አክብሮት፦ «እኔም አከብረዋለሁ፣ በጣም።» ከዚያ ወረድ ብሎ፣ «ብሄድ አባቴ እራቱን ብቻውን ይበላል።» ከሱ ደግሞ ወረድ ብሎ፣ «አባቴ ምድጃ መለኮስ አይችልም፤ ስለዚህ አላገባም።» በዚህች መጨረሻ ላይ አቶ ሞገስ «ስለዚህ» የሚለውን ቃል በቀይ አስምረውበታል። በጥሩ ቦታ ስለገባ ነው።

ከዚህ በፊት ሁለት ሰው ጠይቋት እንቢ ማለቷን ያውቃሉ። ሰዎቹን ያልወደደቻቸው መስሏቸው ነበር። አሁን ምክንያቱ ገባቸው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደስ አላቸው። አትሄድም ማለት ነው፤ ማታ ማታ መብራቱ በርቶ፣ እሷ ሬዲዮ ከፍታ፣ እንዲሁ ይኖራሉ ማለት ነው። ደስታው ለትንሽ ጊዜ ሞቃቸው። ከዚያ ያ ደስታ ራሱ አስደነገጣቸው፣ ምክንያቱም አባት በልጁ እንቢታ ደስ ሊለው አይገባም።

ጽጌሬዳ በምሳ ሰዓት ስትመጣ አባቷን ከላምባው ምድጃ ፊት ተንበርክከው አገኘቻቸው። ክብሪት በክብሪት አድርገውታል፤ ግማሽ ቅንድባቸው የለም።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየተማርኩ ነው» አሉ። እሷም ሕጉን ታውቃለችና ምንም አልጠየቀች፤ ክብሪቱን ተቀብላ ክሩን እንዴት ከፍ እንደሚያደርጉት አሳየቻቸው።

ማክሰኞ ክፍሉ ሞላ። አቶ ሞገስ ሳሙናቸውን ጥለው መሄዳቸውን ከተማው ሁሉ ሰምቶ ነበር። ማቴዎስ ከኋላ ወንበር አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደው አይመስልም። አምሳሉ ነገር ለማብረድ ይሁን ለመቆስቆስ እንጃ፣ ሰሌዳው ላይ «ካስተም» ብሎ ጻፈና ልማድ ማለት ነው አለ። አቶ ሞገስ እጃቸውን አወጡ። ከኪሳቸው አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ተነሱና ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጡ። ሦስት ወር ሙሉ ከኋላቸው የነበረውን ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩት። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ አንድ አንድ ቃል እየረገጡ፣ እንዲህ ብለው አነበቡ፦

«በአገሬ ልማድ ወንዱ ራሱ አይጠይቅም፤ ሦስት ሽማግሌ ይልካል። በመጀመሪያው እሑድ አባትየው ዘመድ ላማክር ይላል። ይህ እንቢታ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቆጡ ይሂዱ። በሁለተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ አባትየው ታሟል ይባላሉ። በሦስተኛው እሑድ ቤት ያገኙታል። ልጅቱ ጾሟን እንደምትጾም ይታወቅ። አባትየው ምድጃ መለኮስ ይችላል።»

ጽጌሬዳ ተነሳች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ከንፈሯ ሳቅ ይዞ፣ በእንግሊዝኛ፣ «አባትየው ቅንድብ የለውም» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ጓድ ኩማ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ይሄ ምሳሌ ነው ወይስ…?»

አምሳሉ ወደ አቶ ሞገስ ዞረ። አቶ ሞገስ ወረቀቱን አጠፉና፣ «ምሳሌ ነው» አሉ። «እሑድ ስምንት ሰዓት።»

እሑድ በስምንት ሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ደጁ ላይ ደረሱ። ከፊት የቆሙት የማቴዎስ አጎት አቶ አለሙ ናቸው፤ ከይርጋለም በጠዋት ተሳፍረው የመጡ፣ አማርኛቸውን እየመረጡ የሚናገሩ ረጅም ሰው። ግቡ ሲባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ግን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ሥርዓቱ ነው። አቶ አለሙ የመጡበትን ተናገሩ። ልጅዎን ይስጡን አላሉም፤ ልጃችንን ልጅዎ ያድርጉልን ነው ያሉት። አቶ ሞገስ ማን እንዳስጠናቸው አልጠፋቸውም።

ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «መልካም፤ ዘመድ ላማክር» አሉ።

«ደግ ነው» አሉ አቶ አለሙ። «ዘመድዎ የት ነው ያለው?»

«ጎጃም። ሞጣ።»

«ደብዳቤ ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

አቶ ሞገስ ይህን አላሰቡበትም ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ሃያ ቀን» የሚል ድምፅ መጣ። አቶ አለሙ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «እንግዲያው በሰላም ያገናኘን» ብለው ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ተሰናብተው ወጡ።

ጽጌሬዳ መጋረጃውን ገልጣ መጣችና ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ሞጣ ማንን ሊያማክሩ ነው?»

«ወንድሜን» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወንድማቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እህታቸው ከሱም በፊት። ያችን የመርዶ ደብዳቤ ከፖስታ ቤት ይዛ የመጣችው ራሷ ጽጌሬዳ ነበረች። አቶ ሞገስ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፤ ሁለቴም አንድ ሰው ላይ ቆመባቸው።

«አንቺው ነሽ» አሉ። «ሌላ ዘመድ የለኝም።»

«እንግዲያው ያማክሩኛ።»

ይህን በአማርኛ መጠየቅ ከበዳቸው፤ ግን ጠየቁ። «ትወጂዋለሽ?»

ልጅ ለአባቷ እንዲህ ያለ ነገር ስትመልስ ሰምተው አያውቁም። ጽጌሬዳ እጇን እያየች፣ «እወደዋለሁ» አለች። «ግን እርስዎን ጥዬ መሄድ እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አሉ አቶ ሞገስ። ብለውት አያውቁም ነበር፤ ሲሉት ግን ጣራው አልወደቀም። ከዚያ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን ሳያደርጉ ወጡ።

የታቦር ሥር ሰው በእሑድ ከሰዓት ደጁ ላይ ነው የሚቀመጠው። ያ ሁሉ ሰው አቶ ሞገስን፣ ዝናብ ቢያካፋ እንኳ እርምጃቸውን የማያፈጥኑትን ሰው፣ በካልሲና በነጠላ ጫማ ቁልቁለቱን ሲሮጡ አያቸው። «አቶ ሞገስ፣ ምን ተፈጠረ?» የሚል አለ፤ አልመለሱለትም። ሽማግሌዎቹ ከታች ጋሪ ላይ ወጥተው ባለ ጋሪው ልጓሙን ሊስብ ሲል ደረሱባቸው። አቶ አለሙ የሚሮጠውን ሰው ሲያዩ ያጠፉት ነገር ያለ መሰላቸውና ፈጥነው ወረዱ።

አቶ ሞገስ የጋሪውን ጎን ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ።

«ዘመዴን አማከርኩ» አሉ። «እሺ ብላለች።»